እንዳልሰማ ሰው

ውባንቺ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሣች። ፊቷን ታጥባ ሻይ ጣደች፤ ያረመችውን የፈተና ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አማቷ እማማ ታንጉ መስኮቱ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ እየፈተሉም በቀጭን ድምፅ ያንጎራጉራሉ። ልጃቸው፣ የውባንቺ ባል መልካሙ ከሞተ፣ እሳቸውም ከአርብ ገበያ ወዲያ ካለው ቀያቸው ተነሥተው ንፋስ መውጫ ከምራታቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ጠዋቱ ሁሉ እንዲህ ነበር።

በዚያ አገር የለቅሶ ቤት ሙሾ የሁሉም ነው። አልቃሽ ያወጣዋል፣ ሰው ይቀበለዋል፣ በየገበያው ይደገማል። ሰው ለብቻው ሥራ ይዞ የሚያንጎራጉረው ግን የራሱ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንዳልሰማ ሆኖ ጉዳዩን ይቀጥላል፤ አይጠይቅም፣ አያጽናናም፣ ለሌላም አያወራም። ውባንቺ ይህን ስታውቅ ነው ያደገችው። ለእማማ ሻይ ቀድታ፣ ደኅና ይዋሉ ብላ ወጣችና ባጃጅ ይዛ ባዮሎጂ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄደች።

ጽሑፍ የምታወጣበትን ብሎግ የከፈተችላት የዚያው ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ረውዳ ነበረች። ድሮ ውባንቺ የጻፈችውን ሁሉ ቀድሞ የሚያነብላት መልካሙ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የሚያነብላት ሰው አማራት። ስለ ኮሶ ዛፍ ጻፈች፣ ጉና ተራራ ላይ ስለሚበቅለው ጅብራ ጻፈች። አንባቢዎቿ ረውዳና ባሕር ዳር ያለች እህቷ ብቻ ሆኑ።

«ጅብራው ራሱ ማንበብ ቢችል እኮ አንድ ሰው ይጨመርልሽ ነበር» አለቻት ረውዳ የዚያን ዕለት በመምህራን ክፍል። «ሰው የሚያነበው ስለ ሰው ነው፣ እቴ። የሚያመውን ጻፊ።»

ውባንቺ የራሷን ሕመም መጻፍ አልሆነላትም። የሰው ጻፈች።

መልካሙን ለአውድማ ሥራ የጠሩት እናቱ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ፤ እህሉን ወቅቶ ጎተራ አስገብቶ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። እማማ ታንጉ ይህን ለማንም አንሥተው አያውቁም ነበር። በእንጉርጉሯቸው ብቻ ይሉታል፦

ና ላውድማው ብዬ የጠራሁህ እኔ፣
እህሉ ገባልኝ፣ ባዶ ቀረ ጎኔ።

ውባንቺ ግጥሙን እንዳለ አሰፈረችው። የእማማን አገር ታች ጋይንትን ጠቀሰች፣ አውድማውንም መኪናውንም ጠቀሰች። ስም እስካልጠራሁ ምን አለበት ብላ ራሷን አሳመነች።

ጽሑፉ በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ዞረ። በየከተማው ያሉ የጋይንት ልጆች እያለቀሱ አነበቡት፤ ቀጥይበት አሏት። ረውዳ ለመምህራኑ ሁሉ አበሰረች። ውባንቺ ደስ አላት። በክፍለ ጊዜ መሀል ሳይቀር ስልኳን ከፍታ ማየት ጀመረች። ጠዋት ሻይ ስትቀዳም ጆሮዋ እንደ ድሮው አልሆነም፤ እማማ የሚሉትን እንዳይረሳት በልቧ ትደጋግመዋለች። ሁለተኛም ሦስተኛም ጻፈች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ መጡ። ሐዋሳ ያለ ልጃቸው አንብቦ ደውሎላቸው ኖሮ፣ የጨዋታ ወጉ እንኳ ሳይደርስ የእማማን እጅ ያዙ።

«እትዬ ታንጉ፣ እናት ልጇን ለሥራ ብትጠራ ኃጢአት አይደለም» አሉ። «እህሉ ገባልኝ እያሉ ራስዎን አይውቀሱ።»

እማማ ታንጉ እስኪጨርሱ አዳመጡ። እንግዳቸውን በወጉ አስተናግደው እስከ በሩ ሸኙ። ከዚያ ተመልሰው ምራታቸውን አዩዋት። 

«ስም አልጠራሁም፣ እማማ» አለች ውባንቺ።

«እንደምትሰሚኝ አውቅ ነበር» አሉ እማማ ታንጉ። «ድምፄን ያልቀነስኩትም ለዚያ ነው። አንቺ ዕንባ አይወጣሽም፤ አፍነሽ ይዘሽው ትዞሪያለሽ። የማንጎራጉረው ለሁለታችን ብዬ ነበር፣ ልጄ።»

ውባንቺ እግራቸው ላይ ወደቀች። እማማም ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው አነሷት። ብሎጉን በማግሥቱ ዘጋችው፤ አሁን ገና ሰው ሲመጣ እንዴት ትዘጊዋለሽ ብላ ረውዳ ብትለማመጣት አልሰማቻትም። በየሰዉ ስልክ የገባውን ግን መሰብሰብ አልቻለችም።

አልተጣሉም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ስለ ኑሮ ውድነትም ያወራሉ። እማማ ጥጣቸውን ይፈትላሉ፤ ስለ መልካሙ ማንጎራጎሩን ግን ትተዋል። አንድ ጠዋት ውባንቺ ምናልባት እንጉርጉሮውን እኔ ብጀምረው ብላ ከምድጃው አጠገብ ቆመች። የመጀመሪያውን ስንኝ ታውቀዋለች፤ ማውጣት ግን አቃታት።

በመልካሙ ቤት አሁን ለመልካሙ የሚያለቅስ የለም።