ከንጣፉ በፊት ውሃው

ስለ መንገዱ ንጣፍ ቀለም ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥን እግዜር ይቁጠረው። ግራጫ ይሁን ቀይ፣ ለስላሳ ይሁን ሸካራ፣ የአበባው ማስቀመጫ ከመብራቱ በግራ ይቁም በቀኝ። እኔ፣ የመሥሪያ ቤታችን የከተማ ፕላን ባለሙያ ተብዬ፣ በየስብሰባው እጄን አውጥቼ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ «ውሃውስ?»

አለቃችን አቶ መድኃኔ ፈገግ ይላሉ። «እየሩስ፣ ውሃ የእኛ ዘርፍ አይደለም። የውሃ ዘርፍ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይመጣሉ።»

ዝናቡ በጀት የሚጠብቅ ይመስል!

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ ድሮ የሚገባበት ቦይ ነበረው። እኛ መንገዱን ከፍ አድርገን ቦዩን በንጣፍ ደፈንነው፤ ምትክ ቱቦ ግን አልቀበርንም። የጋሽ ቡሽራ ልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ከመንገዱ በታች ቀረ።

ጋሽ ቡሽራ የእኔንም ዩኒፎርም የሰፉ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ክረምት የዓመት ቀለባቸው ነው፤ ከትምህርት ቤቶች ጨርቅ በአደራ ተቀብለው ለመስከረም ያደርሳሉ። ሰኔ ላይ በደጃቸው ሳልፍ ጣቃው ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ አየሁና ክው አልኩ።

«ጋሽ ቡሽራ፣ ኧረ መደርደሪያ ላይ ያውጡት! ውሃ ይገባል።»

«አንቺ አለሽበት አይደል እንዴ ሥራው ላይ?» ብለው ሳቁብኝ። «የሰፈሬ ልጅ እያለችልኝ ውሃ ቤቴ ይገባል? ተይ አታሹፊ።»

ብነግራቸው፣ ብለምናቸው፣ ወይ ፍንክች! እንዲህ በእኔ መኩራታቸው ራሱ አናደደኝ።

ሐምሌ ላይ ሥራችን በእንግዶች የሚጎበኝበት ቀን ደረሰ። አቶ መድኃኔ አዲስ ጫማ አድርገው፣ እንግዶቻቸውን አስከትለው ንጣፉን ሲያሳዩ ዝናቡ ዱብ አለ። ሁሉም ጃኬቱን አናቱ ላይ ጥሎ ሮጠ። ወዴት? ቅርብ ወዳለው ደጅ፣ ጋሽ ቡሽራ ቤት!

«ኖር! ግቡ፣ ግቡ» አሉ ጋሽ ቡሽራ ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው።

እኛ ገብተን ሳናበቃ ጎርፉ ተከትሎን ገባ። ጣቃው በአንዴ ራሰ። ሰማያዊው ጨርቅ ቀለሙን ለቀቀና ተሰፍቶ ያለቀውን ነጭ ሸሚዝ በከለው። እኔ ያገኘሁትን እያነሣሁ ወደ መደርደሪያው እወረውራለሁ። አቶ መድኃኔ አግዳሚው ላይ ወጥተው ቆመዋል።

«ይሄ ሱቅ እኮ በጣም ዝቅ ብሏል፤ ችግሩ እሱ ነው» አሉ እዚያው ላይ ሆነው።

ጋሽ ቡሽራ ሸሚዝ እየጨመቁ ቀና አሉ። «ሱቁ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ነው ያለው፣ ጌታዬ። መንገዱ ነው ከፍ ያለው።»

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። «ስንቴ ነገርኩዎት!» ብዬ አቶ መድኃኔ ላይ ጮህኩ። «ከንጣፉ በፊት ቱቦው ይቅደም አላልኩም?»

«እሱን በስብሰባ እናየዋለን» አሉኝ ሱሪያቸውን ሰብስበው።

ስብሰባ! ደሜ ፈላ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ጋሽ ቡሽራ ዞረ።

«ግን አባት፣ በክረምት ጨርቅ መሬት ላይ ይቀመጣል እንዴ?»

ጋሽ ቡሽራ የያዙትን ሸሚዝ ዘርግተው አዩት። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ልጃችን አለችበት ብዬ ነው» አሉ።