የመሪጌታ ይትባረክ ካባ

ሞት ለፍጥረት ሁሉ የተሠራ ሕግ ነው፤ የሞትን ዜና ማድረስ ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነውና፣ የሕያዋን ደግነትና ክፋት በእርሱ ይገለጣል። ክቡር አንባቢ ሆይ፣ የባለቤቴ የመሪጌታ ይትባረክ መርዶ ወደ እኔ አልመጣም፤ በደጄ አልፎ ሄደ። መርዶ፣ ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ ይዞ እንደሚነገር አገር ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ደጃፌ ተቀምጬ ጥጥ ስፈለቅቅ፣ ጥሩንባ ነፊው ከጉብታው ላይ ስሙን ከነማዕረጉ ጠርቶ፣ ልቅሶው በእናቱ ቤት መሆኑን ለመንገደኛ ሁሉ ሲለፍፍ ሰማሁ። ሊያስተምር በሄደበት ሩቅ ደብር በንዳድ ሞቶ በዚያው ተቀብሮ ኖሯል፤ መልእክተኛውም ካባውን ለወንድሙ ለግራዝማች ደምሰው አስረክቧል። ግራዝማች ከእናቱ ጋር መክሮ፣ ሰላላ እግሬ አቀበቱን እንደማይወጣ ተማምኖ፣ መርዶዬን ደበቀኝ።

ከእኔ ጋር ያላቸው ጥል የቆየ ነው። በሕፃንነቴ በሽታ ግራ እግሬን ቢያሰልለው፣ አባቴ ባል እንደማላገኝ ቆርጦ ዳዊት አስደገመኝ፣ ግዕዝና ትርጓሜም አስተማረኝ። ይትባረክ ከአባቴ ዘንድ ሊማር መጥቶ ኋላ ለጋብቻ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ቃሌ መራራ ነበር።

«ምጽዋት ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰፊ ነው፤ እዚያ ሂድና ስጥ» አልሁት።

«የሚያዝንልሽ ሰው ይታገሥሽ ነበር» አለኝ። «እኔ ግን ትናንት በአንድ ቃል ትርጓሜ ረትተሽኝ፣ እራቴን ሳልበላ ተናድጄ አደርሁ። አጸደ፣ በሚያዝኑላት ሴት ላይ እንዲህ ይናደዳሉ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉ ያዝንልኝ ነበርና ማንም በእኔ ላይ ተናዶ አያውቅም ነበር፤ በዚያ ሰው ቁጣ ውስጥ ራሴን ሙሉ ሆኜ አየሁት። በቁርባን ተጋባን። እናቱ ወይዘሮ ትርንጎ፣ «ልጄ ሚስት አጥቶ ምርኩዝ አገባ፣ ያውም የተሰበረ» አለች፤ ለሠርጉም ታመምሁ ብላ ተኛች፤ በማግስቱ ገበያ ወጣች። ባለቤቴ ግን እስከ ተለየኝ ቀን ድረስ ከጎኔ ሲሄድ እርምጃውን በእርምጃዬ ይለካ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ቢቀድመንም አይቸኩልም ነበር።

አቀበቱን የባለቤቴን አሮጌ መቋሚያ ተደግፌ ወጣሁት። በአገራችን ሟቹ በሩቅ የተቀበረ እንደ ሆነ በልብሱ ይለቀሳል፤ ልብሱን የያዘው ፊት ፊት ይዞራል፣ ሕዝቡ ይከተላል፣ ባለ ማዕረግም ቢሆን ከሟቹ ልብስ የሚቀድም የለም። ካባው በእህቱ እጅ ነበር። ሴቶቹ፣ እሷም ብላ ባለ ሐዘን፣ ሲባባሉ ጆሮዬ ሰማ። ግራዝማች ከድንኳኑ በር ተቀብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እመት አጸደ፣ ከጀርባ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ እዚያ ዕረፊ። በወንድሜ ልቅሶ ላይ እያነከስሽ ሰው አታስቂብን።»

«ግራዝማች፣ መርዶዬን ደበቁኝ፤ በቁርባን የታሰርሁለትን ሰው ካባ ግን በካህናት ፊት አይደብቁኝም። ይስጡኝ።»

ያቆረቡን አለቃ ከካህናቱ መካከል ቀና ብለው ግራዝማችን ተመለከቱት። እርሱም የሚያደርገው ቢያጣ ካባውን ከእህቱ እጅ ተቀብሎ ሰጠኝ።

ካባውን በክንዴ ታቅፌ መዞር ጀመርሁ፤ አልቸኮልሁም። ፀሐይ በረታች። ግራዝማች ጎራዴውን እንደ ታጠቀ፣ ወይዘሮ ትርንጎ በሁለት ሴቶች እንደ ተደገፈች፣ ያ ሁሉ ኩሩ ዘመድ ከኋላዬ ተሰልፎ፣ ስቆም ቆመ፣ ሳነክስ ጠበቀ። ይትባረክ ዕድሜውን ሙሉ በፍቅር ያደረገውን፣ እነርሱ አንዲት ቀን በግድ አደረጉት፤ ያችም አንዲት ቀን ከበደቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ልከው ነበር፤ አልታረቅሁም። ይህንም ለእርሱ መታሰቢያ እንጂ ለእነርሱ ዕርቅ አልጻፍሁትም። አንተ ግን፣ ክቡር አንባቢ፣ የክርስትና ስሙ ገብረ ሕይወት ነውና፣ አምላክ ነፍሱን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ እንዲያኖራት በጸሎትህ ስሙን ጥራልኝ። ስለ እግሬ አትጸልይ፤ አንድ ጊዜ በእውነት የተወደደ አካል ከማንም ምሕረት አይለምንም።