ሎሚ ያላስለቀቀው ጥቁር

ኡስታዛ ዓዋጢፍን በሱዳኗ ከተማ በዋድ መዳኒ የማያውቃቸው የለም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ያገኙትን ሰው ሁሉ የሚያርሙ ሴት ናቸው። እኔ፣ በቱል፣ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ካርታ ከመሳል በቀር ምንም አልሆነልኝም። በኋላ ሂና መቀባት ሥራዬ ሲሆን በየወሩ እየመጡ እግራቸውን ይሰጡኝ ጀመር። ላገባች ሴት ወጉ ነውና ውስጥ እግራቸውን ድፍን አድርጌ አጠቁርላቸዋለሁ።

አንድ ዓመት እህታቸው ሞቱባቸው። በሐዘን ሂና አይነካም። ከአምስት ወር በኋላ ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ሲመጡ እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠብኩት። ሂናው ድራሹ ጠፍቷል። ግራ ተረከዛቸው ላይ ግን አተር የምታክል ጥቁር ቦታ አለች።

“የኔ ሂና እንዲህ አይቆይም” አልኩና ሎሚ አሸሁበት። ንክች አላለም።

“እንግዲያው ሙያሽ ተሻሽሏል።”

“አምስት ወር የሚቆይ ቢሆን ማን ተመልሶ ይመጣልኝ ነበር?”

ሳቁ። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ዳሩ እንደ ወንዝ ዳርቻ የተቆራረጠ ነው፤ መሐሉ ከሰል፣ ጫፉ ቡናማ። ስስ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ ገለበጥኩት።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ካርታ እየሳልኩ።”

“ጎበዝ! አሁን ቀቢኝ።”

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሂናው ለቅቆ ሲመጡ፣ ሁለተኛ ወረቀት ለጠፍኩበት። ሁለቱን ደራርቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣኋቸው። በአንድ ጎኑ የሩዝ ፍሬ ያህል ገፍቶ ወጥቷል።

“ሐኪም ይየው” አልኩ።

“ጥቁር ሰው ጥቁር ነጥብ ወጣብኝ ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል? የቆዳ ካንሰር ልትዪኝ ነው? እሱ ፀሐይ ላይ የሚጋደሙ ፈረንጆች በሽታ ነው። እኛን አላህ ከነጃንጥላችን ነው የፈጠረን።”

“ስሙን የጠሩት እርስዎ ነዎት።”

ወረቀቶቹን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው ትክ ብለው አዩ።

“ልኬቱ ትክክል ነው?”

“ያስተማሩኝ እርስዎ!”

“በይ ነገ እንሂድ።”

ሐኪሟ ዶክተር ረዛን ከቦታው ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ወደ ካርቱም ላከች። ውጤቱ በሃያ ቀኑ መጣ። ካንሰር ነው፤ ደግነቱ ገና ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

ኡስታዛ አላለቀሱም። “ፀሐይ ውስጥ እግሬን የት አይታው ነው?” ብለው ጠየቁ።

“ይኼኛው ፀሐይ አይፈልግም” አለች ሐኪሟ። “እንደኛ የጠቆረ ሰው ላይ የቆዳ ካንሰር ብዙ አይታይም። ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ሰው በማያይበት ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። እኛን አይነካንም እያልን ስንዘገይ ነው የሚገድለን። ለምን እዚያ እንደሚወጣ ግን በደንብ አይታወቅም።”

“‘አይታወቅም’ መልስ አይደለም፣ ልጄ።”

“ያለኝ እሱ ነው፣ ኡስታዛ።”

በዚህ ወደዷት። ሳታውቅ እንዳወቀች የምትሆን ተማሪ አይወዱም።

ሐኪሞቹ ተረከዛቸው ላይ ያለውን ቆርጠው አወጡና ከታፋቸው ቆዳ አምጥተው ለጠፉበት። ሁለት ወር መሬት አልረገጡም። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር አንድ ሐሳብ ያብሰለስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝ።

“ስንት ወር በላዩ ላይ እየቀባሁ ሸፍኜው ይሆን?”

“አንቺ ባትኖሪ ማን ውስጥ እግሬን ያየው ነበር? ባሌ? እሱ ፊቴንም አይቶት አያውቅ!” አሉኝ።

ባላቸው ከጓዳ “ሰምቻለሁ!” ብለው ጮኹ።

አሁን ትንሽ ያነክሳሉ። በየሦስት ወሩ ይታያሉ፤ እስካሁን የተመለሰ ነገር የለም። እኔም ሳልቀባ በፊት ውስጥ እግር አያለሁ። ጥቁር ነገር ያለባቸው ሦስት ሴቶች አግኝቻለሁ። የአንዷ አብሯት የተወለደ ምልክት ነው። የሁለተኛዋ የጫማ ቀለም ሆኖ ተገኘ፤ ዶክተር ረዛን እስካሁን ታሾፍብኛለች። ሦስተኛዋ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር አለባት፤ ልጄን ሳልድር ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ አስቸግራኛለች። ነገ ጠዋት ከኡስታዛ ጋር ቤቷ እንሄዳለን።