አይስላንድን ላስታርቅ የሄድኩ ዕለት

ልጄ ያርደና ዲፕሎማሲ ተማረች እንጂ ይቅርታ መጠየቅ አልተማረችም። ይህን የምለው እኔ ማዓዛ፣ የወለድኳት እናቷ ነኝ፤ ጠላቷ አይደለሁም። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እኔን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጃቸው እዚሁ እስራኤል፣ ሃይፋ ወደሚደረግ ጉባኤ ተማሪዎችን ይልካል። እዚያ በየአገሩ ስም ተቀምጠው፣ አምባሳደር ነን ብለው፣ ልክ እንደ ተባበሩት መንግሥታት ሲከራከሩ ይውላሉ። ለያርደናና ለጓደኛዋ ለማኦር የደረሰቻቸው አይስላንድ ነች። ባሕር እንኳ የሌላት የከተማችን የአፉላ ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ስለ ዓሣ ሲያወሩ ከረሙ። የመክፈቻውን ንግግር ማኦር ጻፈው፤ እሱ ሊያነበውም ተስማሙ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሆኜ ያርደና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ማኦር፣ ንግግሩን እኔ ላንብበው። በአንተ ሚብታ ይስቁብናል» አለችው። ሚብታ የሚሉት የአነጋገር ቅላጼን ነው። ማኦር ከጎንደር የመጣው በአሥር ዓመቱ ስለሆነ ዕብራይስጡ ላይ ያገሩ ለዛ አልለቀቀውም። ልጁ ስልኩን ዘጋባት። ቆይቶ «አልሄድም፣ ብቻሽን ሂጂ» ብሎ ጻፈላት። ሕጉ ደግሞ ለአንድ አገር ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከጎደለ አገሪቱ ትሰረዛለች።

እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ መጥቼ እዚህ አርባ ዓመት ኖሬአለሁ። የእኔም ቅላጼ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ያን ቃል ስሰማ ያዘንኩት ለማኦር ብቻ አልነበረም፤ እኔንም አመመኝ። ግን ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ።

ጠዋት ያርደና ዓይኗ አብጦ፣ እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ እማዬ እያለች መጣች። «ኢማ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ሰዓት ነው የቀረው። ምን ላድርግ?»

«ልበሽ። ቤታቸው እንሄዳለን።»

«አንድ መልእክት ብጽፍለትስ?»

«የሰደብሽው በአፍሽ ነው፣ የምትለምኚውም በአፍሽ ነው» አልኳት።

እኛም እነሱም እዚያው አፉላ፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ነን፤ በመኪና ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በደንቡ ለእርቅ ሦስት ሽማግሌ ይላካል። ያን ሁሉ ሽማግሌ ከየቤቱ ቀስቅሼ የሃይፋው ባቡር ላይ አይደረስም፤ ስለዚህ ሦስቱንም ሽማግሌ እኔው ሆንኩ።

በሩን የከፈቱልን የማኦር አባት አባ ገበያው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ የጎንደር ሰው እዚህ ከተማ ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ነው የሚኬደው። «ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ይቅርታ ሊለምን የመጣ ሰው እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፣ የቤቱንም እህል አይቀምስም። እኛ ይህን ማንም ሳያስተምረን አውቀን ነው ያደግነው።

ለካ ያርደናንም ማንም አላስተማራትም። ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ጠረጴዛው ላይ እንደ ሳምቡሳ ያለ፣ አይብ የተሞላ ትኩስ ቡሬካስ ነበር፤ አንዱን አነሳች፣ በትልቁ ገመጠችና «ሲጣፍጥ!» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባ ገበያው ፂማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ማዓዛ፣ ልጅሽ እኮ በላች። እህል ከተቀመሰ ጠብ የለም ማለት ነው። ጠብ ከሌለ ታዲያ ምን ልታስታርቂ መጣሽ?» ፊታቸው የዳኛ ነው፣ ዓይናቸው ግን ይስቃል።

«ተነሽ!» አልኳት ጥርሴን ነክሼ። «ሳይታረቁ አይቀመጡም፣ አይበሉም!»

ተስፈንጥራ ተነሳች። ጉንጯ ሙሉ ስለነበር መዋጡም መትፋቱም ቸገራት። ከመኝታ ቤቱ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ማኦር ከበሩ ጀርባ ቆሞ ሲያዳምጥ ኖሯል።

«ያጠፋው ማን ነው?» አሉ አባ ገበያው።

«እኔ» አለች የጎረሰችውን እንደምንም ውጣ። በዕብራይስጥ ልትቀጥል ስትል እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። «በዚህ ቤት ሽምግልና በአማርኛ ነው፣ ልጄ።»

የያርደና አማርኛ እንዴት እንደሆነ ምን ልበላችሁ፤ እኔ እናቷ ስንቴ ስቄበታለሁ። ላብ አጠመቃት። ጣቶቿን እየፈተለች ጀመረች።

«እኔ... ጥፋት አለኝ። ማኦር ቆንጆ ይጽፋል። ከእኔ ይበልጣል። እኔ... ፈራሁ። ሰዎቹ ይስቃሉ አልኩ። በእሱ ብቻ አይደለም... በእኔም። ትናንት የመጡ ናቸው ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እኔ እዚህ ተወለድኩ፣ ግን እፈራለሁ። ስሊሓ... ይቅርታ፣ ማኦር።»

ቃሉ ይሰነካከላል። ማንም አልሳቀም። እኔ እንባዬ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ በልጄ ስናደድ አድሬ በዚያች ደቂቃ ኮራሁባት።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ማኦር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ብቅ አለ። አልሄድም ያለው ሰው እኮ ነው!

«ንግግሩን የማነበው እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ነህ።»

«ሙሉውን። የሰረዝሽውን የዓሣውን ነገር ጭምር።»

ያርደና ትንሽ አመነታች፤ የእኔ ልጅ ናትና። «እሺ፣ ዓሣውንም» አለች በመጨረሻ።

«በሉ አሁን ተቀመጡ፣ ቁርስ ቅመሱ» አሉ አባ ገበያው።

«ባቡሩ!» ብለን ሦስታችንም አንድ ላይ ጮኽን። ሳይመርቁ ግን አለቀቁንም። ልጆቹን መረቁ፣ መንገዱን መረቁ፣ የባቡሩን ነጂ መረቁ፣ በመጨረሻም የአይስላንድን ሕዝብ መረቁ፤ አገሪቱ በየት በኩል እንዳለች የሚያውቁ አይመስለኝም። አሜን፣ አሜን እያልን ደረጃውን በሩጫ ወረድን።

መኪናዬን እንዴት እንደነዳሁ አልነግራችሁም። የአፉላ ባቡር ጣቢያ ስንደርስ መግቢያው ላይ ወደ ጦር ሰፈራቸው የሚመለሱ ወታደሮች ለፍተሻ ተሰልፈዋል። ልጆቹ ቦርሳ ስለበዛባቸው በጨርቅ የሠሩትን የአይስላንድ ባንዲራ ከነእንጨቱ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ተራችን ሲደርስ ፈታሹ እንጨቱን አየና እኔኑ ጠየቀኝ፤ ምንድን ነው፣ ወዴትስ ነው የምትሄዱት አለ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ፣ ባንክም ይሁን ሐኪም ቤት፣ «ኢማ ቆይ፣ እኔ ልንገረው» ብላ የምትመልሰው ያርደና ነች። አሁንም አፏን ከፈተች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፤ መልሳ ዘጋችው። ቆማ ጠበቀችኝ።

እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከነጎንደር ቅላጼዬ፣ በዕብራይስጥ መለስኩለት። «እነዚህ የአይስላንድ አምባሳደሮች ናቸው። ሃይፋ ላይ ዓለም በሙሉ እየጠበቃቸው ነው፤ እባክህ አታስረፍድብን!»

ፈታሹ ሳቀ፣ ወታደሮቹም ሳቁ፤ መንገድም ለቀቁልን። በድንጋጤ ልጄን አየኋት። ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች። አጠገቧ ወደቆመችው ወታደር ዞረችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እናቴ እኮ ናት» አለቻት።