የደበዘዙት ፊደሎች

ድረ ገጹ የስኳር ሕመምተኞች መወያያ ነው። ዲዛይነሯ ሁለት ወር የለፋችበትን አዲስ ገጽታ ሰኞ ጠዋት ለቀቀችው፤ ነጭ መደብ፣ ቀጫጭን ግራጫ ፊደሎች። ከታች «አስተያየታችሁን ስጡን» ብላ ጻፈች።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የአስተያየት ናዳ ወረደባት። «የድሮው ምን አደረጋችሁ?» አለ አንዱ። «ያምራል፤ ግን መጻፊያው የት ገባ?» አለች ሌላዋ። ዲዛይነሯ ደሟ ፈላ። «ቀስ በቀስ ይለምዱታል» የሚል አንድ መልስ አዘጋጅታ ቀሪውን አስተያየት ሳታነብ ለሁሉም ለጠፈችው።

ረቡዕ ጠዋት ተረጋግታ ማንበብ ስትጀምር አንዱ አስተያየት ላይ ዓይኗ ተተከለ። ይህን የጻፉት፣ የድረ ገጹ አባላት «ሰዓት ሠሪው» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በየማለዳው የስኳራቸውን ልክ ሳይጽፉ ውለው አያውቁም። ሰኞ የጻፉት ግን ይህን ብቻ ነበር፦ «ፊደሉ አይታየኝም። እንግዲህ የፈራሁት መጣ።» ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው የለም። ከሥሩ የእሷ መልስ ተለጥፏል፦ «ቀስ በቀስ ይለምዱታል።»

ስልካቸውን ከምዝገባው ቅጽ ላይ አወጣች። ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። ነርስ ለሆነችው ታላቅ እህቷ ደወለች።

«ስኳራቸው ወርዶ ወድቀው ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል። አድራሻቸውን ያዥና ነይ፤ አብረን እንሂድ።»

አድራሻውም ከዚያው ቅጽ ላይ ተገኘ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው አንኳኩ። ከውስጥ የብዙ ሰዓቶች ቷ ቷ ይሰማል፤ የሰው ኮቴ ግን የለም። እህቷ በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«አባባ፣ እዚህ ነዎት?»

ግድግዳ የሚዳብስ እጅ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ሰዓት ሠሪው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ከኋላቸው መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል።

«ስልክ ለምን አያነሡም?» አለች ነርሷ።

«የደወለችው ልጄ ብትሆንስ? ዓይኔ ጠፋ ልበላት?»

ስኳሩ ዓይናቸውን ሊያጠፋው እንደሚችል ሐኪሙ አምና አስጠንቅቋቸው ነበር። ሰኞ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ፊደሉ ጭስ መሰለባቸው፤ በቃ፣ ቀኑ ደረሰ አሉ። ከዚያ ወዲህ የቀረውን ብርሃን ለመፈተን እንኳ ፈርተው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ነርሷ መጋረጃውን ገለጠችና አራት ጣቶቿን ዘረጋች። «እስቲ ይግለጡ። ስንት ነው?»

«ተይኝ ልጄ።»

«አጠገብዎ ነኝ። ይግለጡ።»

ቀስ ብለው ገለጡ። «አራት» አሉ። «ቀለበትሽም ጠቦሻል።»

ዲዛይነሯ ቀረበቻቸው። «አባባ፣ ዓይንዎ አይደለም። የድረ ገጹን ፊደል ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ። «ይለምዱታል» ብዬ የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ዕውር ነበርኩ» አሉ።

ሽማግሌው ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ሳቡላት። «ተቀመጭ። ፊደሉን በቃ እስክልሽ አጥቁሪው።»

አጠቆረችው። «ገና» ይላሉ ከጎኗ። «ገና ነው። አሁን ደሞ አተልቂው።» በመጨረሻ «በቃ» አሉና የራሳቸውን ስም አነበቡ።

እሷን ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ያንን መልስ የለጠፈችላቸውን ሰዎች ዝርዝር ከፈተችና ከሰኞ ወዲህ እነማን ዝም እንዳሉ አንድ በአንድ መፈለግ ጀመረች።