ማመስገን የተከለከለበት ቤት

እዚያ ቤት ማመስገን ክልክል ነበር። የተጻፈ ሕግ አይደለም። ግን አንድ ሰው ወራት ሙሉ ሞርዶና በስቶ የጨረሰውን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ፣ የቀሩት ከበው ያዩና ልክ ልኩን ይነግሩታል። ስድቡ በከፋ ቁጥር ሥራው አምሯል ማለት ነው። የሚወድ ያስለቅሳል፣ የሚጠላ ያስቃል ይባል የለ? እነዚህ ሰዎች ጊዜ ለመቆጠብ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይሠሩታል።

ቤቱ ድሮ ጋራዥ የነበረ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠገበ ክፍል ነው። አንድ ያረጀ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ሁለት የብረት መያዣ ሞርሳ፣ አንድ አየር የሚገፋ ኮምፕሬሰርና እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ አለው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ የሚሰበሰቡት ሥራ የፈቱ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ፤ ሰዓት ሠሪ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ መምህርት፤ የሳምንቱን ሥራ ጨርሰው ሌላ ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ናቸው። ባቡሩንም፣ ፓምፑንም፣ ሞተሩንም አሳንሰው ይሠራሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን ቀጥተኛ መልስ አላገኘም።

ከሁሉም አሳንሶ የሚሠራው ሰዓት ሠሪው ነበር። "ደቂቃ" ብሎ ስም ያወጣለት ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ቧንቧ ሠራተኛውን ደግሞ "ጎርፍ" ያለው ራሱ ደቂቃ ነው፤ የሰውየው የመጀመሪያ ቦይለር ሲፈተሽ የሁሉንም ጫማ አርሶ ነበርና። አንድ ጊዜ ደቂቃ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ የሚቀመጥ ሞተር ይዞ ሲመጣ፣ ጎርፍ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን ሲያስስ ቆየና "የታለ? አስነጥሶኝ ነበር መሰለኝ" አለ። ደቂቃ ያንን ቃል ለሚስቱ ነገራት፣ ለልጁ ነገራት፣ ሱቁ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ነገረ። ሜዳልያ የተሸለመ ሰው እንኳ እንደዚያ አይኩራራም።

ሰው ሲመሰገን የታየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ዓይኑ ደክሞ ሳለ ጎማዎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ባቡር ሠርቶ አመጣ። ሁሉም ተያዩና "ግሩም ነው" አሉት። ሰውየው ባቡሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ደቂቃም "ግሩም ነው" ካሉት አንዱ ስለነበር ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

እናም ያን ቅዳሜ፣ ለወራት ጠፍቶ ከርሞ፣ አዲሱን ሞተር በግራ ክንዱ አቅፎ ገባ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ያ እጅ ካለፈቃዱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰነባብቷል፤ የሰዓት ሱቁንም ያስዘጋው እሱ ነው። ይህን እዚህ ቤት ላለ ሰው ትንፍሽ አላለም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ድሮው እንዲሰድቡት። ከሰደቡት ገና ሰው ነው፣ ገና ከእነሱ አንዱ ነው። ካመሰገኑት ግን አለቀለት።

ሞተሩን አስቀመጠ። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ በግራ እጁ ሲታገል ዳቦ ጋጋሪው ፈጥኖ ገጠመለት፤ ይህ ራሱ ደስ አላለውም። አየሩ ሲለቀቅ መዘውሩ ዞረ። ዞረ እንጂ እያነከሰ ነው፤ በየዙሩ "ቋ" የሚል ድምፅ ያሰማል።

በጡረታ ላይ ያለችው የፊዚክስ መምህርት መነጽሯን አስተካክላ አየች። "በጣም ያምራል" አለች።

ዳቦ ጋጋሪው ከሁሉም ታናሽ ነው፤ ውሸትም አይሆንለትም። "እጅዎ ይባረክ ጋሼ" አለና ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

ደቂቃ ኪሱ ውስጥ ያለውን እጅ ጨበጠው። ወደ ጎርፍ ዞረ። ጎርፍ ሞርሳው አጠገብ ቆሞ ንጹሑን የቡሎን መፍቻ በጨርቅ ይወለውላል። ያ የማይዘጋ አፍ ተዘግቷል።

"አንተስ?" አለው ደቂቃ።

"ጥሩ ነው" አለ ጎርፍ፣ ግድግዳውን እያየ።

"ማን ሞተ?"

ሞተሩ ብቻ "ቋ" ይላል። ደቂቃ አየሩን ዘጋው።

"ማን ሞተ ብያለሁ። አንቺ፣ ዕድሜ ልክሽን ሰነፉን ሰነፍ እያልሽ ስታስለቅሺ ኖረሽ፣ ዛሬ ያምራል ማለት ከየት ተማርሽ?"

"ሰው ደህና ቃል ሲናገር ምን አስቆጣህ?" አለች መምህርቷ፣ ፊቷ ቀልቶ።

"ደህና ቃልሽን ለቀብር አስቀምጪው።" ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረ። "አንተ ደግሞ እጄ የሚባረከው ምን ሆኖ ነው? ምን ሰማህ?"

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዳቦ ጋጋሪው ግን ዝም ማለት አልፈጠረበትም። "ልጅዎ ናት ጋሼ። ዳቦ ልትገዛ መጥታ... እጁን ታሟል፣ ደስ አይለውም፣ ቅዳሜ ሲመጣ እባካችሁ አትቀልዱበት አለችኝ። እኔም ነገርኳቸው። እሷ ለክፋት አይደለም።"

ለክፋት እንዳልሆነማ ደቂቃም ያውቃል። የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ልጁ ለአባቷ ምሕረት ስትለምን ታየችው፤ ከዳቦ መደርደሪያው ፊት ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አፈረ። ከማፈሩም ብዛት ሁሉንም ሊገድላቸው ደረሰ።

"ስለዚህ ተማከራችሁ። ለእኔ ምጽዋት አዋጣችሁ" አለ። "ደግ ሰዎች። ጎርፍ፣ አንተም አዋጣህ? ከአፍህ ተርፎህ?"

"ተው ደቂቃ" አለ ጎርፍ።

"አልተውም። ፈሪ ነህ። ቦይለርህ ያፈስሳል፣ ቧንቧህ ያፈስሳል፣ አፍህ ያፈስሳል፤ ዛሬ አንዲት ቃል ሲፈለግብህ ደረቅህ።"

ጎርፍ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ዳቦ ጋጋሪው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ልንገርህ?" አለ ጎርፍ። "ትችለዋለህ? መዘውሩ ሚዛን የለውም። የፒስተኑ ዘንግ ጠሟል፤ ድምፁን የሰማ ደንቆሮ ይነግርሃል። እዚህ ጋ ቀዳዳ በስተህ ስተሃል፤ ከጎኑ ሌላ በሳህና የፊተኛውን ደፈንከው። ከዚያ ምን አደረግህ? ቀለም ቀባህበት። አንተ። ነሐስ እውነቱን ያሳያል፣ ቀለም ሰነፍ የፈጠረው ነው እያልክ ስንቱን ያዋረድክ ሰውዬ፣ እንደ አጥር በር ቀባኸው።"

"በቃ" አለች መምህርቷ።

"አልበቃም። ራሱ ነው የጠየቀኝ።" የጎርፍ ድምፅ ተሰበረ፤ ግን አላቆመም። "እና የሞተሩ ጉዳይ መሰለህ ያናደደኝ? ሞተሩ ገደል ይግባ። ከጎልማሳነታችን ጀምሮ ስሰድብህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከወንድሜ ጋር እንኳ እንደዚያ ተነጋግሬ አላውቅም። እጅህ መታመሙን ግን ከዳቦ ቤት ሰማሁ። ከዳቦ ቤት! በርህን ዘግተህ፣ ብቻህን፣ በዚያ እጅ ቶርኖ ስታንቀሳቅስ ከረምክ። ጣትህን ቢበላው ኖሮ እሱንም ዳቦ ስገዛ ልሰማ ነበር? እኔ ለአንተ ምንህ ነኝ?"

ደቂቃ እስከዚያች ቀን ድረስ የተጎዳ እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና በሁሉም ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

እጁ ይንቀጠቀጣል። መዳፉን ቢጫነውም አልቆመም፤ አጠገቡ የነበሩት ትንንሽ ቡሎኖች አብረውት ይንጫጩ ጀመር። መምህርቷ ዓይኗን መለሰች። ዳቦ ጋጋሪው የሚያይበት ጠፋው። ደቂቃ ማንንም አላየም፤ ጎርፍን ብቻ ነው የሚያየው። ጎርፍ ደግሞ እጁን ነው የሚያየው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በኋላ በክንዱ አፍንጫውን ጠረገና ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረ።

"አንተ፣ ዱቄት በወንፊት የሚነፋልኝ ሰው አጣሁ ስትል አልነበር?"

"ነውር ነው" አለች መምህርቷ በሹክሹክታ።

ደቂቃ እጁን አላነሳም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይህኛው ግን በሽታው ሳይሆን ሳቅ ነበር። ሲናገር ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር፤ ደረቅ፣ ክፉ፣ ጤነኛ።

"ከነቁርሱ ነው?" ሲል ዳቦ ጋጋሪውን ጠየቀው።