ምች ነው አልኩህ

ያን ቀን እጄን ወደ ኋላ የሳበው ማን ነው፣ እኔ ነኝ ወይስ ቃሉ? እስካሁን አላውቅም።

በ፲፱፻፷፩ ሕክምና ተምሬ ከፕራግ እንደተመለስኩ ኮልፌ ታላቅ እህቴ ቤት አረፍኩ። እትዬ ሰርኬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን የሺእመቤትን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። የልጅቷ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። የሙሽራው ዘመዶች እስከ ሰባት ቤት ዘር አጣርተው «ንጹሕ ናቸው» ብለው ሄደዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሰርኬ የጋለ ብረት ድስት ከከሰሉ ላይ በባዶ እጇ አነሳች። ቆዳ ሲቃጠል ሸተተኝ። እሷ ወሬዋን አላቋረጠችም።

«እትዬ! እጅሽ!»

«ውይ፣ ተወው። የሠርግ ቤት እጅ እሳት ይፈራል እንዴ?»

እጇን ያዝኩ። አይበሉባዋ ላይ የነጣ ቦታ አለ። ዓይኗን አስጨፍኜ መርፌ አነሳሁ።

«በል እንጂ፣ ጀምር» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ወግቻት ነበር።

«ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምች ነው አልኩህ። ዳማከሴ እያሸሁበት ነው።»

«ምች አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው? በል፣ ፈረንጅ ያስተማረህን ንገረኝ!»

በሽታው፣ ጀርሙን ባገኘው ሐኪም ስም ይጠራል፤ ያንን የፈረንጅ ስም ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች።

«ይሄማ የሰው ስም ነው! ሚስት አለው?»

እኔም እስከዚያ ድረስ አልፈራሁም። በዚያ ስም ፈተና አልፌያለሁ፤ በዚያ ስም የታከመ በሽተኛ እጅ ያለ ጓንት ጨብጫለሁ። ከዚያ በአማርኛ ልነግራት አሰብኩ። እናታችን በሹክሹክታ እንኳ የማታነሳው፣ ጎረቤት በሩን የሚዘጋበት ቃል ነው። ቃሉ ገና አፌ ላይ ሳይደርስ እጄ ከእጇ ተስቦ ወጣ። ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት።

እትዬ ሰርኬ አየችኝ። ሳቋ ቆመ።

«ገባኝ። አትበለው» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ አልሰማችም?»

«አልሰማችም። ይድናል እኮ እትዬ፣ መድኃኒት አለው። የዚሁ በሽታ ሆስፒታልም እዚሁ አጠገባችን…»

«እዚያ በር ላይ አንድ ሰው ካየኝ፣ የልጄ ሠርግ ቀረ ማለት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ቤት ውስጥ የለችም። ለየሺእመቤት «ለምቹ ጎጃም ጠበል ሄጃለሁ፤ ሠርጉን እኔን ብላችሁ እንዳታቆዩት» ብላታለች። ልጅቷ ያለ እናት ተዳረች።

ወደዚያው ጠበል ሰው ለሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ደብዳቤ ሰጠሁ። ክኒኑን እንዳገኘሁላት፣ ጣቶቿ ሳይጎዱ እንድትመለስ ጻፍኩላት። በሽታውን የምጠራበት ቦታ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። ጀምሬ ሰረዝኩ፣ ደግሜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ «ምችሽ» ብዬ ጻፍኩ።

ሾፌሩ በእጇ እንደሰጣት ነግሮኛል። መልስ አልመጣም።